የነፋስ ዐይን፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ታሪክና ለተርጓሚ የሚሰጠው ትምህርት

በእንግሊዝኛ መስኮት ማለት የሆነው «ዊንዶው» ለዛሬው ተናጋሪ አንድ ወጥ ቃል ነው። ሥሩ ሲመረመር ግን ሁለት ቃላት ተጣምረውበት ይገኛሉ። ምንጩ የጥንቱ የስካንዲናቪያ ቋንቋ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «ቪንዳውጋ» ይባል ነበር፤ «ቪንድር» ነፋስ፣ «አውጋ» ዐይን ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉ ቀጥተኛ ፍች «የነፋስ ዐይን» ይሆናል። በዘመኑ ቤት ለብርሃን የሚተወው ቀዳዳ መስተዋት ስላልነበረው ነፋስ እንደ ልቡ ይገባበት ነበርና።

የስካንዲናቪያ ሰዎች ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ሲሰፍሩ ቋንቋቸውም ከአገሬው ቋንቋ ጋር ተቀላቀለ። ይህ ሲባል ግን እንግሊዞች ለመስኮት ስም አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ «ኤአግቲሬል»፣ ማለትም «የዐይን ቀዳዳ» ይሉት ነበር። የዚህ ቃል ሁለተኛ ክፍል የአፍንጫ ቀዳዳ መጠሪያ በሆነው «ኖስትሪል» ውስጥ ተሸሽጎ እስከ ዛሬ ይኖራል። ከፈረንሳይኛ የገባው «ፈነስተር»ም እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ ተፎካክሯል። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው የመጤዎቹ ቃል ነው።

ኋላ መስተዋት ተስፋፋና ነፋሱን ከለከለ። እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 በእንግሊዝ አገር በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ስለነበር ብዙ ቤቶች መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ። ነፋሱ ቀርቶ ስሙ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ቃል በውስጡ ያሉትን ሥሮች ብቻ በመመልከት ሊተረጎም የማይችል መሆኑ ነው። ፈሊጥማ ከዚህ ይብሳል። እንግሊዞች ስለ ሰካራም ሲናገሩ «ሦስት ሺት በነፋስ» ይላሉ። ተርጓሚው «ሺት»ን አንሶላ ብሎ ቢፈታው ይሳሳታል፤ በመርከበኞች ቋንቋ «ሺት» ሸራ የሚወጠርበት ገመድ ነው። ገመዱ ሲላላ ሸራው ይርገበገባል፣ መርከቧም እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። እንደዚሁም «የነገሩን ነፋስ አገኘ» የሚለው አነጋገር የአዳኙን ጠረን በነፋስ ከምታሸት አውሬ የተወሰደ ሲሆን፣ ለዚህ አማርኛ «ጭምጭምታ ሰማ» የሚል የራሱ አገላለጽ አለው።

በጠፈር ጉዞ ደግሞ «መስኮት» መንኰራኵር ለመላክ የሚያመች የጊዜ ክልል ማለት ሆኗል፤ ወደ ማርስ ለሚደረግ ጉዞ ይህ ክልል በየ26 ወሩ ገደማ ይመጣል። ዛሬ በየጋዜጣው የሚነበበው «የዕድል መስኮት» የዚሁ አነጋገር ዘመድ ነው። ነገር ግን «ምቹ ጊዜ» የሚለው ቃላችን ሐሳቡን ያለ አስተርጓሚ ያደርሳል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ አስቀድሞ «ቃሉ ምን ይላል?» ሳይሆን «ተናጋሪው ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። አለዚያ መስኮት ልንከፍት ስንል ነፋስ ብቻ እናስገባለን።