ነቃሽና ሙያዋ በምዕራብ ጎጃም

ንቅሳትን ከሌሎቹ የሀገራችን ጌጦች ሁሉ የሚለየው ባለቤቲቱ ልታወልቀው፥ ልትሸጠው፥ ለልጇም ልታወርሰው የማትችል መሆኗ ነው። ድሪ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አልቦም በክፉ ቀን ተሽጦ እህል ይሸመትበታል። የአንገት ንቅሳት ግን ከተነቀሰችው ሴት ጋራ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ወይም የብራናን ጽሕፈት ለሚመረምር ሰው ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ሊጠብቀው ሲችል፥ የንቅሳትን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው መዝገቡን የሚያገኘው በሕያዋን ገላ ላይ ብቻ ነው። ከሊበን ጀምሮ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ሀገር ይህ መዝገብ ዛሬም በገበያ ቀን ይታያል፤ ይኸውም ቅቤና በርበሬ፥ ጌሾና ጥጥ ይዘው ከተቀመጡት ባልቴቶች አንገት ላይ ነው። በልጅ ልጆቻቸው አንገት ላይ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የነቃሺቱን ሙያ ነው። ስለ ተነቃሺቱ ውበት ብዙ ተዘፍኗል፤ መርፌውን ስለ ያዘችው እጅ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ነቀሰ» ማለት በአማርኛችን ከአንድ በላይ ነገር ይዟል። ባላገሩን እሾህ ሲወጋው «ንቀሽልኝ» ይላል፤ ይህ በመርፌ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ነቃሺቱ ደግሞ በዚያው መርፌ ቀለም ታገባለች። አንዱ ማውጣት፥ ሁለተኛው ማግባት ሲሆን አንድ ግሥ መያዛቸው ያስገርማል። በዐረብኛም «ነቀሸ» የሚለው ግሥ እንዲሁ እሾህ ማውጣትንም መቅረጽንና ማስጌጥንም ያሰማል፤ «ሚንቃሽ» የሚሉትም መቅረጫውንም ወረንጦውንም ነው። ከዚህ የተነሣ የቃሉ ሥር የሚያመለክተው ውጤቱን ሳይሆን የእጁን ሥራ፥ ማለት በሾለ ነገር ጥቂት በጥቂት መንካትን ይመስለናል። ሥራውን ላየ ሰው ይህ አያስደንቀውም፤ ነቃሽ መስመሯን የምታወጣው ነጥብ በነጥብ ነውና።

ስለ አሠራሩ ከቀድሞዎቹ ተጓዦች መካከል አብራርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። እርሱ ከ1843 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው በትግራይ ተቀምጦ፥ መጽሐፉን በ1853 እ.ኤ.አ. በሎንዶን አሳተመ። ጽሑፉ ስለ ጎጃም ባይሆንም መሣሪያው ያው ስለ ሆነ ሐተታውን ማስታወስ ይጠቅማል። ነቃሺቱ አንዲት አሮጊት ናት። ዕቃዋም ከተቃጠለ ቅጠል የተበጀ የሚመስል ጥቁር ቀለም ያለበት ማሰሮ፥ ጫፉ ሩብ ኢንች ያህል ተስሎ የቀጠነ የሀገር ብረት ወስፌ፥ ውስጡ ባዶ የሆነ የመቃ ቁራጭና አንድ የሣር አገዳ ነው። ክብ ሥዕል ሲያስፈልጋት የመቃውን ጫፍ ቀለም አጥቅሳ በቆዳው ላይ ታትመዋለች። እኩል መስመር ሲያስፈልጋት የሣሩን አገዳ በልኩ አጥፋ ቀለም ትነክርና በእርሱ ታሰምራለች። አራት ማዕዘኑም፥ ኮከቡም፥ መስቀሉም በዚሁ ልክ ይወጣል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው ወስፌው የሚነሣው፤ ቀጭኑ ጫፍ እስኪገባ ድረስ እየወጋች፥ ቀለም እየጨመረች፥ በዚያው መንገድ ደጋግማ ትመላለሳለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ሰው ንቅሳትን እንዲያው በዘፈቀደ የሚወጋ ነገር ያስመስለዋል። ነገር ግን ፓርኪንስ ያየው መለኪያ ያለው ሥራ ነው። የሣር አገዳው ማስመሪያዋ፥ መቃው ደግሞ ክብ ማውጫዋ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሁለቱን ከሜዳ ቆርጣ ይዛ፥ በሚነቃነቅና በሚያምመው ገላ ላይ ትክክለኛ ረድፍ ስታወጣ፥ ይህን የእጅ ብልኀት አለመባሉ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሠዓሊው ቢሳሳት ግድግዳውን ዳግመኛ ይቀባዋል፤ እርስዋ ግን የምታጠፋበት ነገር የላትም።

ፓርኪንስ ጨምሮ እንደሚነግረን፥ በብዙ ቦታ የተነቀሰች ሴት ትኩሳት ይይዛታል፤ ቁስሉንም ለማብረድ ጥቂት ቀን አረንጓዴ የቅጠል ልጥፍ ተለጥፎባት ትቀመጣለች። ቅርፊቱ በራሱ እስኪረግፍ ድረስ አይላጥም። ሥጋ ከፈረሰ በኋላ እንኳ ምልክቱ በአጥንት ላይ ይታያል ይሉ እንደ ነበረም ጽፏል። ይህ የኋለኛው እርግጥ እውነት አይደለም። ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ በታች ባለው ክፍል ነው፤ ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ሕዋሳት የጥላሸቱን ደቃቅ ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም፤ እነርሱ ሲሞቱም ሌሎች ተክተው ይይዙታል። ጥቁሩ ጥላሸት ከውጭ ሲታይ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚመስለውም በላዩ ያለው ቆዳ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው።

በእኛም ሀገር ቀለሙ ከዚሁ የራቀ አይደለም። የድስት ቂጥ ጥላሸት ወይም የኩራዝ ጢስ በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል፤ መውጊያውም እሾህ ወይም በክር ታስረው የተያዙ መርፌዎች ናቸው። መርፌ ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ ይመጣ የነበረ ዕቃ ስለ ሆነ፥ እንደ ቡሬ ያለ፥ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ በሚያልፈው የንግድ መንገድ ላይ ያለ ገበያ ለነቃሽም ሳይጠቅማት አልቀረም እንላለን። የሚነቀሰው ቦታ በግንባር መስቀል፥ በአገጭና በመንጋጋ ጠርዝ ረድፍ፥ በአንገት እንደ ድሪ የተደራረበ ዙሪያ፥ በክንድና በእጅ ጀርባም ጌጥ ነው። ድድ ሲነቀስ ደግሞ ጠቁሮ የጥርሱን ንጣት ያጎላዋል። «አንገተ ብርሌ» የሚለው ውዳሴ ባለበት ሀገር፥ ዙሪያው የተነቀሰ አንገት ረዝሞ መታየቱ ለነቃሺቱ የተሰወረ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የአንገቱን ንቅሳት ጌጥ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ እንቅርት የበዛበት ሀገር ነው። ምክንያቱም ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የሚባለውን ማዕድን ስለሚወስደው፥ በዚያ አፈር የበቀለው እህል የሰውን ሰውነት አያረካም፤ በዚህም የተነሣ በአንገት ያለው ዕጢ ያብጣል። ሕዝቡ ይህን ምክንያት ሳያውቅ ዘመናት ኖሯል፤ መድኃኒት ግን መፈለጉ አልቀረም። ስለዚህ እንቅርት ለጀመራት ልጅ አንገቷን መነቀስ እብጠቱን ያግዳል፥ ያልጀመራትንም ይጠብቃታል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ባልቴት አንገት ላይ ንቅሳቱ በእንቅርቱ ጉብታ ላይ ተለጥጦ ስናይ፥ የምናየው ያልሠራ መድኃኒት ነው። ከዚያች ሴት ፊት ቆሞ «ለውበት ነው የተነቀሱት?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል።

ንቅሳትን ለሕመም ማዋል የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራራ በበረዶ ውስጥ የተገኘው፥ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተው ሰው፥ በገላው ላይ 61 የጥላሸት ምልክቶች አሉበት፤ ብዙዎቹም በወገቡ፥ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ስለ ሆኑ ሊቃውንት ለሕመም የተደረጉ ይሆናሉ ብለው ያስባሉ። የእንቅርት እውነተኛ መድኃኒት ግን ለነቃሺቱ እጅ የማይገኝ ነበር፤ እርሱም አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። በሀገራችን ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ወደ ነቃሺቱ ማዕረግ እንመለስ። እንደሚታወቀው በጎጃም ባለ እጅ አይከበርም ነበር፤ ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋም ቡዳ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ነቃሽ ከዚህ ተራ ውስጥ አልተቆጠረችም። ነገሩ ለመልካም ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ያልተሰደበችው ሥራዋ እንደ ሥራ ስላልተቆጠረ ነው። ሙያዋ የሴቶች ጓዳ ነገር ሆኖ ቀረ። ዋጋዋ እህል ወይም ጥጥ ቢሆን፥ ዕውቀቷንም ከእናቷ ወይም ከጎረቤት ባልቴት አጠገብ ቁጭ ብላ ብትማር፥ የሚመዘግበው ጸሐፊ አልነበረም። ቀጥቃጩ ማረሻውን፥ ሸማኔው ጋቢውን ትቶ ሲሞት እርስዋ የተወችው ሥራ በሌላ ሰው ገላ ላይ ነው።

የተነቃሺቱንም ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባል። ልጅቱ ለመነቀስ የምትቀርበው ብዙውን ጊዜ ገና ከመዳሯ በፊት፥ በሕፃንነቷ ነበር። አንዳንዷ እኩዮቿን አይታ ለምና ተነቅሳለች፤ አንዳንዷም እናትና አክስት እጇን ይዘው አስነቅሰዋታል። ድድ ሲወጋ የሚደማውና የሚያብጠው ምግብ እስከ መከልከል ያደርስ ነበር። ሙያውን የምናደንቅ እኛም ይህን ብንተወው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ እንጽፋለን።

በግንባር ያለው መስቀል ሌላ ምዕራፍ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ገላን መንቀስ የተከለከለ ነው፤ ካህናቱም ይህን እያነሡ የሚገሥጹበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በዓባይ ሸለቆ ያሉ ክርስቲያኖች ምልክቱን ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ሙዚየም ለሕዝብ ያሳያት፥ በ700 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በሱዳን የኖረች ክርስቲያን ሴት፥ በጭኗ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ስም በአንድ ምልክት ተጠቅልሎ ተነቅሶባታል። በኢየሩሳሌም ደግሞ ራዙቅ የሚባል ከግብጽ የመጣ የቅብጥ ቤተ ሰብ ተሳላሚዎችን ሲነቅስ ኖሯል፤ ዛሬም ይነቅሳል። የእነርሱ አሠራር በእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ነው፤ ተሳላሚው መርጦ ያሳትምና በዚያ ላይ ይወጋል። ጆን ካርስዌል የተባለ እንግሊዛዊ እነዚያን ማኅተሞች አንድ በአንድ አትሞ በ1956 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ስላደረጋቸው፥ የነቃሹ የያዕቆብ ራዙቅ ስም ለታሪክ ቀርቷል። ያዕቆብ በተጨማሪ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበር። የኢየሩሳሌሙ ነቃሽ ማኅተሙ በእንጨት ላይ ስለ ነበረ ተመዘገበ፤ የጎጃሟ ነቃሽ ማኅተም ግን ሥራው ሲያልቅ የሚጣል የሣር አገዳ ነው።

ሙያው የተዳከመበት ምክንያት ብዙ ነው። ትምህርት ቤት የገባችው ልጅ ንቅሳትን የባላገር ምልክት አድርጋ ማየት ጀመረች፤ ከተማ የገባችውም ያፌዙባታል ብላ አንገቷን በሻሽ ሸፈነች። ዋናውን ምት የመታው ግን ኤድስ ነው። በሽተኞቹ በሀገራችን ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ፥ የጤና ትምህርቱ ሁሉ አንድ መርፌ ለብዙ ሰው መጠቀምን ሲያወግዝ ንቅሳትን በስሙ እየጠራ ነበር። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በመኪና የሚነቅሱ ወጣቶች ሱቅ ሲከፍቱ፥ በዚያው ከተማ ደግሞ የእናቶችን ንቅሳት በጨረር የሚያጠፉ ክሊኒኮች አሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤል ሴቶችም፥ በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ሳሉ በግንባራቸው የተነቀሱትን መስቀል በዚያ ያስጠፉ አሉ። ለእነርሱ ማስጠፋቱ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው ሊፈርድባቸው አይገባም።

እኛ ግን የምናሳስበው ለክረምት ዕረፍት ወደየሀገሩ የሚሄደውን ተማሪ ነው። አያቱን ወይም አክስቱን አስፈቅዶ የንቅሳታቸውን ሥዕል በቀጭን ወረቀት ላይ ይገልብጥ፤ የዙሪያውን ብዛት ይቍጠር፤ በስንት ዓመታቸው፥ ለጌጥ ወይስ ለእንቅርት፥ ወደውም ሆነ ተይዘው እንደ ተነቀሱ በአክብሮት ይጠይቅ። ከሁሉ አስቀድሞ የነቃሺቱን ስምና የመጣችበትን ቀበሌ ይጻፍ። ቀለሙ በእርጅና ከቆዳው ጋራ ስለሚሸበሸብና ስለሚደበዝዝ፥ ሥራው በጠዋት ብርሃን፥ ደጅ ተቀምጦ ቢሆን ይሻላል።