የኮምፒውተር አቋራጭ ቁልፎች ሲጋጩ መንስኤውን ማግኛና ማስተካከያ መንገዶች

የአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የ20 ቀበሌዎችን የማዳበሪያ ፍላጎት በኤክሴል ሠንጠረዥ እየሞላ ነው እንበል። የቀበሌዎቹን ስም በአማርኛ፣ የኩንታሉን መጠን ደግሞ በአኃዝ ያስገባል። ከመካከል 12.5 ብሎ ሲጽፍ ነጥቧ ወደ አራት ነጥብ ተለውጣ «12።5» ሆና ትቀመጣለች። ኤክሴል ይህን እንደ ቁጥር አይቆጥረውም፤ ጽሑፍ ነው ብሎ ይይዘውና የድምር ቀመሩ ሳይደምረው ያልፈዋል። ስሕተት መኖሩን የሚናገር ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ወደ ዞን የሚላከው ድምር በ12 ኩንታል ተኩል አንሶ ይሄዳል፤ ጉድለቱ የሚታወቀውም የአንዱ ቀበሌ አርሶ አደር ማዳበሪያ ሊወስድ በመጣ ጊዜ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የባለሙያው ቸልተኝነት የፈጠረው አይደለም። ኮምፒውተሩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተሻገረው ባለሙያው ለሌላ ሥራ በተጫነው የቁልፍ ጥምር ነው። በኤክሴል ረድፎችን በአንድ ላይ ለመሰብሰብ አልት፣ ሺፍትና የቀኝ ቀስት በአንድነት ይጫናሉ። በወርድ ደግሞ አልት፣ ሺፍትና የላይ ቀስት አንድን አንቀጽ ከነበረበት ወደ ላይ ያነሣሉ። በሌላ በኩል ከአንድ በላይ ቋንቋ በተጫነበት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ግራ አልትና ሺፍት ብቻቸውን ቋንቋ መቀየሪያ ናቸው። ተጠቃሚው ሁለቱን ይዞ ቀስቱን ሳይጫን ሐሳቡን ቀይሮ እጁን ካነሣ፣ ረድፉ ሳይሰበሰብ ቋንቋው ይቀየራል። አቋራጭ ቁልፎች ተጋጩ የሚባለውም እንዲህ አንድ የቁልፍ ጥምር ወይም የጥምሩ ከፊል ሁለት ባለቤት ሲኖረው ነው።

የአማርኛ ጸሐፊዎች ይህ ችግር ከሌሎች ይልቅ ያጋጥማቸዋል። የፊደል ገበታው ከ200 በላይ ሆሄያት ስላሉት በኪቦርዱ ላይ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁልፍ መስጠት አይቻልም፤ ሆሄያቱ ከቁልፎች ጥምር ይሠራሉ። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጰ» የሚጻፉት ሺፍት ተይዞ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ምልልስም በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሌላ ቁልፍ ሳይነኩ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ መጫን «ስቲኪ ኪይስ» የተባለውን አገልግሎት እንደሚጠራም ማወቅ ይገባል። ይህ አገልግሎት ቁልፎችን በአንድነት መያዝ ለሚቸግራቸው ሰዎች የተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ሳያስቡት «ይሁን» ያሉት ግን ሺፍቱ ተጣብቆ የቀረ ይመስላቸዋልና ኪቦርድ ሊገዙ ይነሣሉ።

ችግሩን ለማግኘት የቁልፍ መልእክት በምን መንገድ እንደሚያልፍ መረዳት ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን መልእክቱ በቀጥታ በመስኮቱ ላይ ወደተከፈተው ፕሮግራም አይደርስም። አስቀድሞ ዊንዶውስ ይሰማዋል፤ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት በአንድነት ሲጫኑ የትኛውም ፕሮግራም ሊነጥቀው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። የአማርኛ መጻፊያ፣ የስክሪን ምስል ማንሻ፣ የድምፅ መቅጃና የመሳሰሉት «ይህ ጥምር የእኔ ነው» ብለው በዊንዶውስ ዘንድ አስቀድመው ያስመዘግባሉ። ወርድ ወይም ኤክሴል የሚደርሰው ከእነዚህ የተረፈው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ጥምር ለማስመዝገብ ቢጠይቁ ዊንዶውስ ቀድሞ ለመጣው ይሰጣል፤ ኋላ የመጣው ይከለከላል። የተከለከለው ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ ለተጠቃሚው ምንም አይናገርም። ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ፕሮግራም ቀድሞ እንደሚነሣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይሆን፣ ትናንት የሠራው አቋራጭ ቁልፍ ዛሬ እምቢ ሊል፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል አቤቱታ ሲሰማ ከጀርባ ያሉትን ፕሮግራሞች መጠርጠር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ፍለጋው ከኪቦርዱ ይጀምር። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና «ኦ» በአንድነት ሲጫኑ የኪቦርድ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ይከፈታል። በእውነተኛው ኪቦርድ ላይ የተጫነው ቁልፍ በሥዕሉም ላይ ቀለሙ ከተለወጠ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ካልተለወጠ አቧራ ወይም የተበላሸ ቁልፍ ይፈለግ። ቁልፉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ያው ጥምር በሌላ ፕሮግራም ይሞከር። በሁሉም ዘንድ እምቢ ካለ ያዡ ዊንዶውስ ወይም ከጀርባ ያለ ፕሮግራም ነው። በአንዱ ብቻ እምቢ ካለ የዚያው ፕሮግራም የውስጥ ጉዳይ ነው።

ከጀርባ ያሉትን ለመለየት ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች፣ በቀስቷ ሥር የተሸሸጉትንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ እየዘጉ በየመካከሉ ጥምሩን መሞከር ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መዝጋት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን አጥፊው ሳይታወቅ ስለሚቀር ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ችግሩ ይመለሳል። አጥፊው ሲገኝ ደግሞ ፕሮግራሙን ማጥፋት ግድ አይደለም፤ በራሱ ማስተካከያ ውስጥ ጥምሩን መለወጥ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ዝርዝር ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኢስኬፕ» ተጭኖ በሚከፈተው «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፍል መመልከት ይቻላል።

ብዙ ቢሮዎችን ያስደነገጡ ሁለት አጥፊዎች በተለይ መጠቀስ አለባቸው። የመጀመሪያው በቆየ የኢንቴል ግራፊክስ ሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ነው፦ ኮንትሮል፣ አልትና ቀስት ሲጫኑ ስክሪኑ በጎኑ ይተኛል ወይም ይገለበጣል። ኮንትሮል፣ አልትና የላይ ቀስት ሲጫኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በኢንቴል ግራፊክስ ማስተካከያ ውስጥም እነዚህን ጥምሮች መዝጋት ይቻላል። ሁለተኛው በዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠ የፕሮግራም ምልክት ነው። በምልክቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ሲሉ «ሾርትከት ኪ» የሚል ቦታ አለ፤ በዚያ ቀድሞ የሠራ ሰው የኮንትሮልና የአልት ጥምር ጽፎበት ከሄደ፣ ዛሬ በወርድ ያንኑ ጥምር የሚጫን ሰው ሌላ ፕሮግራም ይከፈትበታል።

የቀኙ አልት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአንዳንድ የኪቦርድ አቀማመጦች የቀኙ አልት ተጨማሪ ምልክቶችን ማውጫ ሆኖ ሲያገለግል ዊንዶውስ የሚረዳው ኮንትሮልና አልት በአንድነት እንደተጫኑ አድርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት ለማውጣት የተጫነው ቁልፍ በፕሮግራሙ ዘንድ ትእዛዝ ሆኖ ሊሰማ ይችላል።

በነጠላ ፊደል የሚታዘዙ ፕሮግራሞች ግን ሌላ ናቸው። በቪዲዮ ማቀናበሪያው አዶቤ ፕሪሚየር «ጄ» ወደ ኋላ ያጫውታል፣ «ኬ» ያቆማል፣ «ኤል» ወደ ፊት ያጫውታል። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ ፊደሉ ለፕሮግራሙ ከመድረሱ በፊት ወደ ሆሄ ሊለወጥና ትእዛዙ ሊከሽፍ ይችላል፤ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ በቂ ነው።

ቋንቋ መቀየሪያው ራሱ አስቸጋሪ ከሆነ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። በሚከፈተው ገጽ «ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪይስ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ቼንጅ ኪ ሲኩዌንስ» የሚለውን ይጫኑ። ለቋንቋም ለኪቦርድ አቀማመጥም «ኖት አሳይንድ» የሚለውን ከመረጡ አልትና ሺፍትም ሆኑ ኮንትሮልና ሺፍት ቋንቋ መቀየራቸውን ያቆማሉ። ቋንቋ መቀየር በፈለጉ ጊዜ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይቀራሉ፤ ይህ ጥምር በድንገት የሚጫን ባለመሆኑ ለሠንጠረዥ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው። ኪማንን የሚጠቀሙ ደግሞ በኪማን ማስተካከያ ውስጥ «ሆትኪይስ» የሚለውን ክፍል ለብቻው መመልከት አለባቸው፤ በዊንዶውስ የተዘጋው እዚያ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላልና።

በወርድ ውስጥ ያለውን ለማየት «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ከስተማይዝ ሪበን» ብለው ከታች በኩል ያለውን የኪቦርድ ማስተካከያ ይክፈቱ። አዲስ ጥምር ሲጫኑ ወርድ ያ ጥምር አሁን ለምን ትእዛዝ እንደተመደበ ከሥሩ ይጽፋል። የትኛው ትእዛዝ ይለወጥ ለሚለው፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገው ይለወጥ። ቅጅ፣ ማስቀመጥና ወደ ኋላ መመለስን የመሰሉ እጅ የለመዳቸውን መንካት ከግጭቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ በተለይ አንዱን ኮምፒውተር ሦስትና አራት ባለሙያዎች በአንድ መግቢያ ስም በሚጠቀሙበት ቢሮ። የተለወጠውን ጥምር በወረቀት ጽፎ ከስክሪኑ ጎን መለጠፍ ያረጀ ዘዴ ቢሆንም ይሠራል።

ማስተካከያው ከመደረጉ በፊት የተሞሉ ሠንጠረዦችም ሊመረመሩ ይገባል። በኤክሴል ቁጥር በተለምዶ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል፤ በኩንታል ዓምድ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጋ ካለ እርሱ ይታይ። ከዚህ የሚያስተማምነው በ«ካውንት» ቀመር ዓምዱን መቁጠር ነው፤ ይህ ቀመር ቁጥሮችን ብቻ ይቆጥራል። 20 ቀበሌዎች ተሞልተው መልሱ 19 ከሆነ አንዱ ጽሑፍ ሆኗል። ዓምዱን መርጠው ኮንትሮልና «ኤች» በመጫን «።» በነጥብ እንዲተካ ካዘዙ በኋላ ቀመሩ 20 ማለቱን ማረጋገጥና ድምሩን እንደገና ማንበብ ይቀራል።