ፓተንት ያልወጣላቸው ሴሎች

ክሎን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ዶሊ የተባለችው በግ ናት። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ዶሊ ከመወለዷ ከ20 ዓመት በፊት ስለተሠራ ክሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ውስጥ አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል የሚያመርተው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከሰውነት ከወጣ ግን ብዙ አይቆይም። የካንሰር ሴል በበኩሉ ላብራቶሪ ውስጥም መባዛቱን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ1975 አርጀንቲና የተወለደው ሴዛር ሚልስታይንና ጀርመናዊው ጆርጅ ኮለር ካምብሪጅ ውስጥ ሁለቱን ዓይነት የአይጥ ሴሎች አዳቀሉ። ከድቅሎቹ አንዷን ነጥለው አባዟት። ዘሮቿ ሁሉ ያንኑ አንድ አንቲቦዲ አመረቱ። በ1984 ሁለቱም ከኒልስ የርነ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ፓተንቱስ? ጉዳዩ የተመራለት የብሪታንያ መንግሥት ተቋም ለገበያ የሚሆን ጥቅም ስላልታየው ሳያስመዘግበው ቀረ። ሚልስታይንም ሴሎቹን ለጠየቁት ተመራማሪዎች ላከ።

ዛሬ ፋርማሲ የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ፣ ጤና ኬላ ያለው የወባ ፈጣን መመርመሪያ የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነት አንቲቦዲዎች ነው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የጡት ካንሰር መድኃኒት ትራስቱዙማብም የዚሁ ዘዴ ፍሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለዓመታት ግን በፓተንት ታጥሮ፣ ዋጋው ለድሃ አገር ሕመምተኛ የማይቀመስ ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ እውቀቱ በነፃ መሰጠቱ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱን ማን ያመርታል፣ ዋጋውንስ ማን ይቆርጣል ብለን መጠየቅ አለብን።