ባዝራና ጉግስ፦ የፈረስ ውድድር በደቡብ ጎንደርና በአጎራባች ደጋዎች

በደቡብ ጎንደር ዞን የፈረስ ውድድር የጥር በዓላት ጌጥ ነው። ሁለት መልክ አለው፤ ፈረሰኞች በሁለት ጎራ ተከፍለው የሚሳደዱበት ጉግስና ፍጥነት ብቻ የሚለይበት ሸርጥ። ማዕከሉ ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የፋርጣ ደጋ ነው። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ለዓይን ከሁሉ የተሻለ የግልቢያ ሜዳ ይመስላል፤ የሚታወቀው ግን በከብቱና በሩዙ ነው።

ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ውኃው ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። የፎገራን ላም በወተቷ ያስጠራው ግጦሽ፣ ኋላም ወረታን የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ያደረጋት ረግረግ የዚሁ ውኃ ሥራ ነው። ለፈረስ ግን እርጥብ ሜዳ ጠላቱ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ሕመም የምታዛምተው ከወባ ትንኝ የምታንስ ደም መጣጭ ነፍሳት ስትሆን፣ የምትራባውም በጭቃና በእርጥብ መሬት ላይ ነው። ሕመሙ ክትባት ካላገኙ ፈረሶች ከአሥር ዘጠኙን እስከ መግደል ይደርሳል። በቅሎ ከፈረስ ትሻላለች፤ አህያ ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅበት ያልፋል። ክትባቱ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ከወረታ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ 2,700 ሜትር ከፍታ ያላት ደብረ ታቦር ሲደርስ ብርዱ ይበረታል፤ ገብሱም ይታያል፣ ፈረሱም ይታያል። ከበስተጀርባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ።

የደብረ ታቦር ትልቁ የፈረስ ቀን ጥር 25 የሚውለው የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ነው። ቅዱሱ ራሱ ፈረሰኛ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ሲወጋ ይታያል። በዕለቱ ከየወረዳው የሚመጣው ፈረሰኛ ፈረሱን በግላስና በቀይ ጥለት አስጊጦ፣ በልጓሙና በግንባሩ ላይ ጌጥ ደርድሮ ይሰለፋል። ጉግሱ ሲጀመር አንደኛው ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ዘንጉን እየወረወረ ያሳድዳል። የሚሸሸው ፈረሱን በሽምጥ እያስጋለበ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ወዲያው ተራው ይገለበጣል። ጎበዝ ፈረሰኛ የሚለየው በመምታቱ ብቻ አይደለም። ፈረሱን በድንገት መመለስ፣ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ማሳለፍ፣ ዛብ ለቅቆ በጉልበት ብቻ መንዳት ይጠበቅበታል። የጥንቱ የሐበሻ እርካብ ትንሽ ቀለበት ሲሆን የሚገባበትም ሙሉ እግር ሳይሆን አውራ ጣት ነበር፤ በዚያ ላይ ቆሞ ጦር የሚወረውር ሰው ምን ያህል ሚዛን ሊኖረው እንደሚገባ መገመት አይከብድም።

ከጣና ማዶ፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ እንጅባራ ላይ በዓሉ በሁለት ቀን ይቀድማል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ይሰበሰባል። ማህበሩ ምሥረታውን ከ1932 ዓ.ም. ይቆጥራል፤ ዓላማውም በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የተሠለፉ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን መዘከር ነው። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ከውድድሩ ቀን ውጭም አባላቱ በችግር ይረዳዳሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ።

የሁለቱም በዓላት ሥር ጦርነት ነው። በጦር ሜዳ ታሪክ ደግሞ ፈረስ ስሙን ለጌታው ያወርሳል። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ከሁሉ ርቆ ተጉዟል፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለው በዚሁ ነው። የፈረሰኛ ጦር ዘመን ማብቂያው መቃረቡን ያሳየው ውጊያ የተካሄደውም ከዚህ አገር በተነሣ ጦር ነበር። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲገጥሙ ከሰማይ አውሮፕላን ወረደባቸው፤ ፈረሰኛው ሠራዊት ተፈታ፣ ራስ ጉግሣም በዚያው ወደቁ።

እነዚህ የፈረስ ስሞች ሁሉ የወንድ ናቸው። ባዝራዋ የት ሄደች?

ሌላው ዓለም መልሱን በመዝገብ ይዞታል። ቶሮብሬድ የሚባለው የሩጫ ፈረስ ዘር ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት የምሥራቅ ድንጉላዎች በአባት መስመር ይወርዳል፤ የዘር መዝገቡ ከእ.ኤ.አ. 1791 ጀምሮ እየታተመ የእያንዳንዱን ፈረስ አባትና እናት ይጽፋል። በዚህ የተነሣ የሃንጋሪዋ ባዝራ ኪንቸም እ.ኤ.አ. በ1874 ተወልዳ፣ ከ1876 እስከ 1879 ባሉት አራት የውድድር ዘመናት በተለያዩ አገሮች 54 ጊዜ ሮጣ 54ቱንም ማሸነፏን ዛሬ ማንም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1878 እንግሊዝ ድረስ ተሻግራ የጉድውድን ዋንጫ ወስዳለች። በባቡር ስትጓዝ ያለ ድመቷ አልሳፈርም ትል ነበር ይባላል።

በእኛ ዘመን ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ዊንክስ አለች። በአሠልጣኝ ክሪስ ዎለር እጅ 43 ጊዜ ሮጣ 37 ጊዜ አሸንፋለች። የመጨረሻዎቹ 33 ድሎች ተከታታይ ናቸው። በዚያ አገር ታላቅ የሚባለውን የኮክስ ፕሌት ውድድር ከ2015 እስከ 2018 በተከታታይ አራት ጊዜ ወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሜዳ ወጣች። ከወንዶች ጋር በምትሮጥበት ጊዜ ደንቡ ለባዝራ ትንሽ የክብደት ቅናሽ ያደርግላታል፤ ይህ ግን እንዲህ ያለውን የድል ሰንሰለት አያብራራም። የወለደቻት ውርንጭላ እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አወጣች፤ ገዢዋም ከእናቲቱ ባለቤቶች አንዷ ነበሩ። የተከፈለው ዋጋ ገና ላልሮጠች ፈረስ ነው፤ ማለትም ለደሟ።

በጎንደር ደጋ የባዝራ ደም ሌላ መንገድ ይሄዳል። እዚህ ትልቁ ክብር የበቅሎ ነው። የጥንት መኳንንት ሲጓዙ የሚቀመጡት በበቅሎ ሆኖ፣ የጦሩ ፈረስ ለውጊያው ሰዓት እንዲያርፍ ባዶውን ይሳብ ነበር። ቀሳውስትና ሽማግሌዎችም ገደላማውን መንገድ የሚያምኑት ለበቅሎ ነው። ጥሩ በቅሎ በገበያ ከጥሩ ፈረስ የበለጠ ስለምታወጣ፣ ቁመቷ ያማረና አረማመዷ የተመሰገነ ባዝራ ያለው ገበሬ ከድንጉላ ይልቅ ለተመረጠ አህያ ቢያቀርባት አይፈረድበትም። አሥራ አንድ ወር ጠብቃ በቅሎ ትወልድለታለች። በቅሎ ግን መካን ናት፤ የባዝራዋ ፍጥነትና ትንፋሽ እዚያው ላይ ይቆማል። አባቷ ማን እንደሆነ ቢጠይቋት እናቴ ፈረስ ናት አለች ተብሎ በበቅሎ ላይ የሚተረተው ተረት በአባቷ ማፈሯን ለመንገር ነው፤ ሆኖም ተረቱ ሳያስበው ባዝራዋን ካስታወሱ ጥቂት ምስክሮች አንዱ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል፤ ተመራማሪዎችም ከሰላሌው አንሥቶ ሐረር አቅራቢያ ያለ ጌታ እስከሚኖረው የቁንዱዶ ፈረስ ድረስ ስምንት ዓይነት ለይተዋል። የሰሜኑ ደጋ ፈረስ አጭርና ጠንካራ ነው። ቁመቱ ከቶሮብሬድ ያንሳል፤ ጭድና ገብስ በልቶ በቀጭን አየር ዳገት ይወጣል፤ በአካባቢው ከተሞችም ባጃጅ ሳይመጣ በፊት ጋሪ ሲስብ ኖሯል። ጉግስና ሸርጥ ዛሬ ደንብ ወጥቶላቸው ከገና ጨዋታና ከትግል ጋር በባህል ስፖርቶች ውስጥ ተካተዋል። የዘር መዝገብ ለመጀመር ደግሞ የእንግሊዝ ሀብት አያስፈልግም። አባላቱን በወጉ የሚያውቀው የአገው ፈረሰኞች ማህበር ከፈረሰኛው ስም ጎን የፈረሱን መልክ፣ ዕድሜ፣ እናትና አባት የሚጽፍበት ዓምድ ቢጨምር በአሥር ዓመት ውስጥ የትኛዋ ባዝራ ፈጣን እንደወለደች ማወቅ ይቻላል፤ ደብረ ታቦርም ጥር 25 በሚሰበሰቡት ፈረሶች ይህንኑ ልታደርግ ትችላለች።