ጤና መኮንን

«መኰንን» በግዕዝ ገዥ፣ ዳኛ ነው፤ «ኰነነ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ የ«ኩነኔ» የሥጋ ዘመድ። በአማርኛ ቃሉን ስንሰማ ቀድሞ የሚታየን ባለማዕረጉ ወታደር ነው። ታዲያ ሕመምተኛ የሚመረምር ሰው ይህን ስም ከየት አመጣው? ከእንግሊዝኛው «ኦፊሰር»። ትርጉሙ ሳያስቡት የገጠመ ይመስለኛል። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠነው ጤና መኮንን ማከም ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ጤና ጣቢያውን ይመራል፣ ወረርሽኝ ይከላከላል፣ ስለ ውሃና መጸዳጃ ያዝዛል።

ቆቦ ሜዳም እንደ ደምቢያ ወባ የማያጣው ቆላ ነው። ትኩሳት ይዞት ከሮቢት ወይም ከጎብዬ ጤና ጣቢያ የደረሰ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚያየው ይህንኑ ባለሙያ ነው፤ የሚጠራው ግን «ዶክተር» ብሎ ነው (ማን ያርመዋል!)። ከአቅም በላይ የሆነው ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ምጥ የጸናባት እናት ግን መንገዱን ሁልጊዜ አትችለውም፤ ከቆቦ እስከ ወልድያ ሆስፒታል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጤና ሚኒስቴር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ያስጀመረው የ3 ዓመት የማስተርስ ሥልጠና የሠለጠነበትን ጤና መኮንን ለዚህ አበቃው፦ በቀዶ ሕክምና ያዋልዳል፣ የታመመ ትርፍ አንጀት ያወጣል።

«ረዳት ሐኪም» የሚሉት አሉ፤ አልቀበለውም። ረዳት የሚባለው አጠገቡ የሚረዳው ሰው ሲኖር ነው፤ ሌሊት ተረኛው ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው።