የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ

«ውጭ ሄጄ ባዮቴክኖሎጂ ብማር ሥራ አገኛለሁ ወይ?» የዘመኑ ወጣት ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሚነሣው በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብቻ አይደለም። ቻይናዎች በሠሩት የወልዲያ–ወረታ መንገድ ላይ ካለችው ከመቄቷ ፍላቂት የወጣ ልጅም ይጠይቀዋል። እሱ ሲጠይቅ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ከጀርባው ገብስና በግ ሸጦ ያስተማረው ቤተሰብ አለና። ስለዚህ «አይዞህ፣ የወደፊቱ ዘርፍ ይኸው ነው» ብሎ መሸኘት አይበቃም። እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ ቀድመው የሄዱት ምን አገኙ ብለን እንጠይቅ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሰው በፊት የሄደው ዘር ነው። ስመ ጥሩው የሩሲያ ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ የገብስና የስንዴ ዘር ሰብስቧል። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ጊዜ፣ ጀርመናውያን መጥተው ሌላ ገብስ ለቅመው ሄዱ። ጀርመኖቹ ከወሰዱት ውስጥ የገብሱን ቅጠል ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚያስመስለውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ተገኘ። ያ ጠባይ ከ1980ዎቹ ወዲህ በበርካታ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገባ። በ1997 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጠባዩ የሚመነጭበትን ዘረመል ለይተው አሳዩ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ደገኛ ጠላ የሚጠምቅበት፣ በሶ የሚበጠብጥበት ገብስ፣ ባሕር ማዶ ስንቱን የዶክትሬት ተማሪ እንጀራ አበላ!

የወሎ ማሽላም ታሪክ አለው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። ውጤቱ የታተመው በ1973 ነው። የወሎ ገበሬ ግን እነዚህን ማሽሎች ከሌላው ጋር እያሰባጠረ ዘርቶ፣ እሸቱን እየጠበሰ ሲበላቸው ኖሯል። ያወጣላቸው ስም «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» ነው። ላይሲን የሚለውን ቃል ባይሰማም ጣዕሙን ለይቷል ማለት ነው።

በዚያው በ1973 ዓ.ም. የፐርዱው ፕሮፌሰር ጆን አክስቴል ኢትዮጵያ ውስጥ ማሽላ ሲሰበስብ አንድ የዓለማያ ኮሌጅ ምሩቅ እንዲያግዘው ጠየቀ። ወጣቱ ገቢሳ ኤጀታ ይባላል። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን እዚያው እየዋለ እያደረ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። አክስቴል በሥራው ተደንቆ ወደ ፐርዱ ወሰደው። በ1978 ዶክተር ሆነ።

ከዚያስ? አንባቢ ልብ ይበል፤ ዶክተር ገቢሳ የተቀጠሩት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሥር ወደ ሱዳን ሄደው፣ በ1983 ሀጊን ዱራ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ። ቀጥለው ወደ ፐርዱ ተመልሰው አቀንጭራን ተፋለሙ። አቀንጭራን የሰሜን ወሎ ቆለኛ ያውቀዋል፤ የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ማሳ የሚያራቁት አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን የመቀስቀሻ ኬሚካል እጅግ አሳንሰው የሚያመነጩ ማሽሎችን መርጠው አዳቀሉ። ጠሪ ያጣው አረም ተኝቶ ይቀራል። በ1994 የእነዚህ ማሽሎች 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። እኛም ዘንድ ጎብዬና አብሽር በሚል ስም ለገበሬ ወጡ። ጎብዬ በወልዲያና በቆቦ መካከል ያለች ከተማ ስም መሆኑን ልብ ይሏል። በ2009 ፕሮፌሰሩ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ሁለተኛዋ ተጓዥ ከጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ናቸው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከዓለማያ ወጥተው አሜሪካ ውስጥ በሞንታናና በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሩ። ከ1992 ጀምሮ ለ15 ዓመት ኮሎምቢያ ባለ የምርምር ማዕከል የሞለኪውል ደረጃ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ሠሩ። በ2007 ወደ አፍሪካ ሲመለሱ ያረፉት ናይሮቢ ነው። በዚያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ባዮሳይንስ ማዕከልን፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ተቋም መሩ። ለምን ናይሮቢ? ላቦራቶሪው እዚያ ነበራ!

ሦስተኛው ተመላሽ ናቸው። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1972 ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው መጡ። በ1976 በጀርመን እርዳታ አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ከ1979 እስከ 1993 መሩት። በ1980ዎቹ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር ሲበላ፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አገርኛው ዘር እንዳይጠፋ ሰብስበው አቆዩ፤ አባዝተውም ወደ ገበሬው ማሳ መለሱ። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለው ሽልማት ተሰጣቸው።

ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? የዲግሪያቸው ስም አይደለም። በገቢሳና በመላኩ ዘመን ሙያው የዘር ማዳቀል እንጂ ባዮቴክኖሎጂ አይባልም ነበር። የሚያመሳስላቸው ከአገር ይዘውት የወጡት ወይም የተመለሱለት ጥያቄ ነው፦ አረሙ፣ በሽታው፣ የሚጠፋው ዘር። ውጭ አገር ማሽኑን፣ ገንዘቡንና መምህሩን ይሰጣል፤ ጥያቄውን ግን ከራሱ ወገን አምጥቶ ነው የሚሰጥ። የሰው ጥያቄ ይዞ የተመረቀ ልጅ ከዚያው አገር ልጅ ጋር እኩል ተሰልፎ ይፎካከራል፤ ያውም በጊዜያዊ ፈቃድ። ጀርመን ለውጭ አገር ምሩቅ ሥራ መፈለጊያ የሚሰጠው 18 ወር ነው። የአሜሪካው ሕግ ለ12 ወር ሥራ ይፈቅዳል፤ ትምህርቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከሆነ 24 ወር ይጨመራል። ጊዜው ይበራል። በዚህ ላይ የምርምር ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠይቃል፤ በማስተርስ የሚገኘው በብዛት የላቦራቶሪ ረዳትነት፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የሽያጭ ሥራ ነው። ይህን አውቆ መሄድ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መደፍደፍ አይገባም። የሚጠብቀው በር ጠባብ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል፣ የክልል የምርምር ጣቢያዎች። ሕጉም ሥራውን ያሰፋል፣ ያጠባል። በ2009 የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ልውጥ ሕያዋንን በጥብቅ ይቆጣጠር ነበር፤ በ2015 ተሻሻለ፤ በ2018 ነፍሳትን የሚከላከል ጥጥ ተፈቀደ። ገበሬን ከማያውቀው አደጋ መጠበቅ ተገቢ ነበር፤ ግን ጥንቃቄውም ቢሆን የራሳችን መርማሪና የራሳችን ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ለላስታና ለመቄት ልጅ ቅርቡ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እሱም በ2021ዱ ጦርነት ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ልጁ ቢመለስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለ ወይ? መላኩ ከተመለሱ በኋላ የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ሰገነት ሲመለሱ ቤቱ ናይሮቢ ነበር።

የፍላቂቱ ልጅ ሲሄድ ስኮላርሺፑን ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገርም ይጠይቅ። አባቱ የሚዘራው ገብስ ለምን በውርጭ ይመታል? ጎረቤት የጣለውን ዘር አሁን ማን ይዞታል? ይህን ጥያቄ ይዞ ከሄደ፣ ቢመለስም ሙያ አለው፣ ቢቀርም ለወገኑ የሚሠራው አያጣም። መንግሥትም «ልጆቻችን ለምን ይቀራሉ?» ብሎ ከመውቀሱ በፊት የላቦራቶሪውን መብራትና ኬሚካል ያሟላ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። በሬውማ አለን። ቀንበሩን ነው ያላዘጋጀንለት።