መሶቡ ከቅጥሩ በር ሲያልፍ፦ ሰንበቴና የደካማው ቤት በይፋግ አካባቢ

በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ የእንግዳ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የተጓዙ የውጭ ሰዎች ገበያዋን በጽሑፋቸው አንስተዋል። ገበያ ባለበት ስንቁ ያለቀበት፣ መንገድ ላይ የታመመ ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ማን ያብላው? የአካባቢው ምእመን ለዚህ ጥያቄ ከሰጣቸው መልሶች ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው አባላቱ በየተራ እሑድ እሑድ ለሚደግሱበት ማኅበር፣ ለሰንበቴ ነው።

የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውም የሚናቅ አይደለም። ሰንበቴ ግን ያለ በጀትና ያለ ደመወዝተኛ ከዚያ በፊት ብዙ ትውልድ አብልቷል።

ባለተራዋ ጠላዋን ቀደም ብላ ትጠነስሳለች፤ ቅዳሜ ማታ ዳቦዋን ትጋግራለች። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ መሶቡ ደጀ ሰላም ይገባል። ካህኑ ይባርካል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ዛፍ ሥር የተቀመጠችው አሮጊት፣ ዐይነ ስውሩ፣ አኩፋዳውን በትከሻው ያንጠለጠለው የቆሎ ተማሪ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። የሰንበቴ ጥንካሬ በተራው ላይ ነው፦ ሰጪው ስሜቱ እስኪነሣሣ አይጠበቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይደግሳል። አዝመራ የከዳውን ማኅበርተኛ ሌሎቹ ይደግፉታል።

የቆሎ ተማሪውን ነገር በዋዛ ማለፍ አይገባም። ደቡብ ጎንደር የድጓ ማስመስከሪያዋ የቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት መምህሯ የዙር አባ አገር ናት። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው ልጅ ነገ መሪጌታ ይሆናል። ያ ሁሉ ዜማ የቆመው በገበሬ ሚስት ቁራሽ ነው።

ሆኖም ሰንበቴ የሚያበላው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ መምጣት የቻለውን ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሊቦ ከምከም ካላዛር ገብቶ ነበር። በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተጠረጠረ፤ ምንነቱ ሲታወቅ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ጀመሩ። በጊዜው መርፌው በየቀኑ ለ30 ቀን የሚወሰድ ነበር። 30 ቀን የተኛ ገበሬ ማሳው ይታረም ዘንድ፣ ልጆቹም ይበሉ ዘንድ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሆዱ አብጦ፣ ጉልበቱ ከድቶት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እሑድ ደጀ ሰላም አይገኝም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራን ሜዳና አካባቢውን ጎርፍ ሲያጥለቀልቅም ውኃ የከበበው ቤተሰብ እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ ሰንበቴው እግር ያስፈልገዋል፤ እግሩም በየደብሩ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የታመመ ይጠይቃሉ፣ የደካማ አዝመራ በደቦ ይሰበስባሉ፤ ይህ ለእነርሱ እንግዳ ሥራ አይደለም። የጎደለው የመሶቡና የወጣቶቹ መገናኘት ነው። የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት «በዚህ ሳምንት ከቤቱ ያልወጣ ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎረቤት ስሙን ይናገራል፤ ድርሻውም በወጣቶቹ እጅ ይሄድለታል።

የይፋግና የአካባቢው የሰንበቴ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ከመጪው እሑድ ጀምራችሁ ይህን ጠይቁልን።